ወንበር ሰጥቶ ውክልና መንፈግ

(በደብረ ኤልያስ ለመንግሥት ሠራተኞች፣ ለመምህራንና ለነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር)



ቁጥራቸው ጥቂት ከሆነ ብሔረሰብ የመጡ ሰዎችን በመሥሪያ ቤት ለኃላፊነት ስለማብቃት እንድናገር ስጠየቅ፣ ቀድሞ ትዝ ያለኝ አዋጅም መጽሐፍም አልነበረም። ትዝ ያለኝ አንድ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፣ አብረን የሠራንበትን መሥሪያ ቤትም አልጠራም። የምናገረው ስለ ራሴ ጥፋት ነውና።

ሰውየው የአዊ ልጅ ነው። አፉን የፈታው በአውንጊ ቢሆንም አማርኛውን ከብዙዎቻችን አጥርቶ ይጽፋል። ወደ እኛ የመጣው ምክትል ኃላፊ ሆኖ ተመድቦ ነው። እኔ ያን ጊዜ የሰው ሀብት አስተዳደር ላይ ነበርኩ። የምደባው ደብዳቤ ሳይደርስ በየቢሮው አንድ ወሬ ደረሰ፤ "ለተዋጽኦ ነው" ተባለ። ይህች ቃል ከሰውየው ቀድማ ገባች፤ እሱ ለቆ እስኪሄድ ድረስም አልወጣችም።

ዋናው ኃላፊ ለመስክ ወይም ለስብሰባ ሲወጣ የውክልና ደብዳቤ ይጻፋል። ወግ ያለው አሠራር ለምክትሉ መጻፍ ነው። የእኛ ኃላፊ ግን ከምክትሉ በታች ላለ አንድ የቡድን መሪ ያስጽፍ ነበር፤ "እሱ ሥራውን ያውቀዋል" ይላል። ደብዳቤውን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ምክትሉ ጠረጴዛ ነበረው፣ ስልክ ነበረው፣ ስሙና ማዕረጉ የተቀረጸበት ቲተርም ተሠርቶለት ነበር። አንድ ቀን ቢሮው ገብቼ እሱን ስጠብቅ ቲተሩን አንስቼ ገልብጬ አየሁት። ተሠርቶ ከመጣ ዓመት አልፎት ነበር። ጎማው ግን ቀለም አልነካውም።

በስብሰባም ያየሁትን ልንገራችሁ። ስለ በጀት አጠቃቀም ጥሩ ሐሳብ እያቀረበ ሳለ ከጠረጴዛው ዳር የተቀመጠ አንድ ሰው የአነጋገሩን ቅላጼ ከአፉ ነጥቆ ደገመና ሳቀ። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ፈገግ አሉ። ሰብሳቢው አልገሠጸም። እኔም አልገሠጽኩም። ከዚያ ቀን በኋላ ሰውየው በስብሰባ "በቀረበው ሐሳብ እስማማለሁ" ከማለት በቀር ሌላ ሲናገር አልሰማሁም።

እኔ ምን አደረግሁለት? ሦስት ጊዜ ለአመራር ሥልጠና ላክሁት። የሥልጠናውን ነገር ታውቁታላችሁ፤ የሆቴል አዳራሽ፣ ፍሊፕ ቻርት፣ የቡድን ውይይት፣ የውሎ አበል፣ በመጨረሻ የምስክር ወረቀት። የምስክር ወረቀቶቹን ኮፒ እያደረግሁ በግል ማኅደሩ አስገባሁለት፤ ሥራዬን የሠራሁም መሰለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ኃላፊውን "ይህ ውክልና ለምክትሉ ለምን አይጻፍም?" ብዬ አልጠየቅሁም። በሁለተኛው ዓመት መልቀቂያ አስገባ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ "በግል ጉዳይ" ብሎ ጻፈ። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ሳይጻፍ ስለቀረው ደብዳቤ ነው።

"ይህ ለአዲስ አበባ ወይም ለእንጅባራ ቢነገር ይሻላል፤ ሁላችንም አማርኛ ተናጋሪ ለሆንነው ለእኛ ምናችን ነው?" የሚል ሰው በመካከላችን ሊኖር ይችላል። ከአባይ ማዶ ያለው ጎረቤታችሁ ኦሮሞ ነው። አዊም ሩቅ አይደለም። ክልላችን ራሱ የአዊን፣ የዋግ ኽምራንና የኦሮሞን የብሔረሰብ አስተዳደሮች አቅፎ የተዋቀረ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የገዛ ልጆቻችሁን አስቡ። ከዚህ ተምሮ ጅግጅጋ፣ ጋምቤላ ወይም ሐዋሳ ሥራ የያዘ ልጃችሁ እዚያ ጥቂት ነው። እዚህ "ብዙ" ያሰኘው ነገር አባይን ሲሻገር ቀርቷል። "ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ ኃላፊነቱ ግን ለአገሩ ልጅ ይሁን" ሲባል የሚሰማው እሱ ነው። በነገራችን ላይ "አናሳ" የምትለው ቃል ለእኔ አትመቸኝም፤ ቁጥርን ስትናገር ክብርንም አብራ የምታሳንስ ትመስለኛለች። "ጥቂት" ማለት ይበቃል።

ሕጉ በሩን ከፍቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ከ550 እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ውስጥ ቁጥራቸው ጥቂት ለሆኑ ብሔረሰቦች ከ20 ያላነሰ እንዲሆን ደንግጓል። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ለክልሎች፣ በተለይም የተማረ የሰው ኃይል ላጠራቸው፣ ባለሙያ እንዲያፈራ የታሰበ ነበር፤ የአፋር፣ የሶማሌ፣ የጋምቤላና የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ልጆች ተምረውበት ወጥተዋል። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ደግሞ ክፍት የሥራ መደብ ሲሞላ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ተዋጽኦአቸው ዝቅተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች አባላት ቅድሚያ እንዲሰጥ አዘዘ። ለማን? ከሌላው ጋር እኩል ወይም የተቀራረበ ውጤት ላመጡት።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ብዙ ሰው ሳያነባት ያልፋል። "እኩል ወይም የተቀራረበ" ነው የተባለው። አዋጁ ያልበቃን ሰው ከበቃ ሰው በላይ አስቀምጡ አላለም። ስለዚህ በኮሪደር "በኮታ የገባ" እያልን የምናማው ሰው ውጤቱ ከእኛ ጋር እኩል ወይም ለእኛ የቀረበ ነበር። "ብቃት ይቅደም" የሚሉ ሰዎችን እኔ እደግፋለሁ፤ ከልቤ እደግፋለሁ። ብቃት ይቅደም ካልን ግን ብቃት የሚሠራበትን ቦታ ለአንዱ ከፍተን ለሌላው መዝጋት አንችልም። አዋጁ ሰውየውን እስከ ወንበሩ ያደርሰዋል። ከተቀመጠ በኋላ ማን እንደሚያስተምረው፣ ማን ሥራ እንደሚሰጠው፣ ሲሳሳት ማን እንደሚያርመው አዋጅ ሊጽፈው አይችልም። ያን የምንጽፈው እኛ ነን።

ወንበር ካልሁ አይቀር፣ ስለ ወንበር ለደብረ ኤልያስ ሰው መንገር ድፍረት ነው። በቢሮ ወንበር የቤት ዕቃ ነው። በቅኔ ቤት ግን ወንበር መምህርነት ነው፤ "ወንበር ዘረጋ" ሲባል ደቀ መዛሙርት ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ ማለት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ቅኔ ሊማሩ ከመጡባቸው ጉባኤ ቤቶች አንዱ ይህ የእናንተ ደብር ነው። እስቲ የዚያን ቤት አሠራር በመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ዓይን እንየው።

ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ይመጣል። ከላስታ ሊሆን ይችላል፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ፣ ከአገው ምድር። "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ለምኖ ያደረበት የደብረ ኤልያስ ገበሬ እንግዳ ነህ ብሎ ቁራሽ አልከለከለውም። በጎጆው ውስጥ ጓደኞቹ በአገሩ ስም ሊጠሩት ይችላሉ። ደረጃው የሚለካው ግን በመጣበት አገር ሳይሆን በደረሰበት የቅኔ ቤት ነው። ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ላይ ያለ አለ፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ የደረሰ አለ። ጉባኤ ቃና የሚቆጥረውን ልጅ ከእሱ ቀድሞ የገባው ያርመዋል። ቀጥሎ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ስሕተቱ በጓደኞቹ ፊት ይነገረዋል፤ ግን ነገም ተመልሶ እንዲናገር ይጠበቅበታል። አንዴ ተሳሳተ ተብሎ ለሁልጊዜ ዝም እንዲል የሚደረግ ተማሪ የለም። ትንሽ ሲበረታ ደግሞ ከኋላው ለመጡት አራሚ ይሆናል። ሙሉ ቤት ደርሶ የኔታ "በቃህ፤ ሂድና አስተምር" የሚሉት ቀን፣ ያ ልጅ ዓመታት ሙሉ ሌሎችን ሲመራ ኖሯል። ወንበሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

በእኛ መሥሪያ ቤቶች ነገሩ ተገልብጧል። ጥቂት ከሆነው ወገን ለመጣው ሰው ወንበሩን አስቀድመን እንሰጠዋለን፤ እርማቱን፣ አደራውን፣ ከበታቹ የሚመራቸውን ሰዎች እንነፍገዋለን። ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል። ከዚያም "አየህ፣ አልቻለም" እንላለን።

ከዚህ ደብር የወጣው ዮፍታሔ ንጉሤ አዲስ አበባ ገብቶ ያጋጠመውንም አስታውሱ። በ1923 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ በዓል የተሰማው የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙ የዮፍታሔ፣ ዜማው የኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ናልባንዲያን አርመን ነበር፤ በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ ከኢየሩሳሌም አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ የሙዚቃ መሪያቸው ሆኖ የመጣ። በከተማዋ በቋንቋም በዘርም ከጥቂቶች ጥቂት ነበር። ነገር ግን የተሰጠው የይስሙላ ማዕረግ አልነበረም። ባንዱን ይመራ፣ ያሠለጥን፣ ዜማ ይድረስ ተባለ። የደብረ ኤልያስ የቅኔ ልጅና የአርመን ስደተኛ አንድ ላይ የሠሩት መዝሙር እስከ 1967 ዓ.ም. አገር ሲዘምረው ኖረ።

የራሳችንን ጉድፍም ግን አልሸፍንም። ሁሉም በር ለሁሉም ክፍት አልነበረም። በዚህ አገር ብረት ቀጥቅጦ ማረሻችንን የሠራውን፣ ሸክላ ሠርታ ድስታችንን የሰጠችንን፣ ጋቢያችንን የሸመነውን፣ ቆዳችንን የፋቀውን "ቡዳ" ብለን ማዕድ ለይተንበታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ስለ ከፋ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ስድቡ በሁሉም አፍ ጠፍቷል ማለት አልችልም። የሴቶችም ነገር እንዲሁ ነው። ጎጃም ውስጥ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው ሳያይ፣ ሴት ሆነው፣ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው መምህር ለመሆን በቅተዋል። ስማቸውን ሁላችንም በኩራት እንጠራዋለን። ሁለተኛ ስም ጨምሩ ስንባል ግን የምናመነታው ለምንድን ነው? የእሳቸው አባት ያስተማሩትን ያህል ሌሎች አባቶች ስላላስተማሩ ነው።

አሁን ወደ ሌላው የዚህ ደብር ልጅ ልለፍ። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1902 ዓ.ም. እዚህ ተወለዱ። ሲወለዱ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአሥራ አምስት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረች ነበረች፤ ግን ከልጆቿ መካከል አንድም ጳጳስ አልነበራትም። ጳጳሱ ከግብፅ ይመጣ ነበር። ሊቃውንቱ በየገዳሙ ሞልተው ሳለ ሥልጣኑ ላይ የሚቀመጥ ከመካከላቸው አይሾምም ነበር። በ1921 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ተሾሙ፤ ኋላ በፋሽስት ጥይት የወደቁት አቡነ ጴጥሮስ ከእነዚያ አንዱ ናቸው። አገሩ ደስ አለው። ነገር ግን ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን አልተሰጣቸውም። አስቡት፤ ማዕረጉ አለ፣ ቆቡ አለ፣ መስቀሉ አለ፤ ተተኪን የመሾም ሥልጣን ግን እስክንድርያ ቀርቷል። የእኔን ባልደረባ ቲተር ያስታውሰኛል።

አባቶቻችን በዚህ አልረኩም። "አንዴ ተሰጥቶናል፤ ይበቃናል" አላሉም። ድርድሩ ቀጠለ። ሐምሌ 1940 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ከተሾሙት አዳዲስ ጳጳሳት መካከል አቡነ ባስልዮስና አቡነ ቴዎፍሎስ ነበሩ። በ1943 አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። አቡነ ቴዎፍሎስ የሐረርጌን ሀገረ ስብከት መርተዋል፤ አቡነ ባስልዮስ ሲደክሙም የእሳቸውን ሥራ ተክተው ይሠሩ ነበር። ስለዚህ በ1963 ዓ.ም. ሁለተኛው ፓትርያርክ ሲሆኑ ለወንበሩ እንግዳ አልነበሩም። ደርግ ከመንበራቸው አውርዶ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው፤ ያ ሌላ ሐዘን ነው። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ማየት የምፈልገው መንገዱን ነው፤ መጀመሪያ ቅኔ ቤት፣ ከዚያ ሀገረ ስብከት፣ ከዚያ ተጠባባቂነት፣ ከዚያ መንበር። ከደብረ ኤልያስ ጎጆ የወጣ ልጅ ያንን መንገድ የሄደው በየደረጃው እውነተኛ ሥራ ስለተሰጠው ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድም ተመሳሳይ ነው። በ1938 ዓ.ም. ቲደብልዩኤ ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል ሲቋቋም አብራሪውም ሥራ አስኪያጁም የውጭ አገር ሰው ነበር። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና አብራሪ ሆኑ። ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ረዳት አብራሪ በአዳራሽ ንግግር ብቻ ካፒቴን አይሆንም። በቀኙ ወንበር ተቀምጦ፣ እጁ መሪው ላይ ሆኖ፣ ተሳፋሪ ጭኖ ነው የሚማረው። አጠገቡ የሚያርመው ሰው አለ፤ አውሮፕላኑ ግን የእውነት ይበርራል።

ሌሎች አገሮችም በዚህ ጉዳይ ደክመዋል። የእንግሊዝ መንግሥት የጤና አገልግሎት ጥቁርና እስያዊ ሠራተኞቹን ለአመራር ለማብቃት ለዓመታት የተለዩ የሥልጠና መርሐ ግብሮች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2014 ሮጀር ክላይን የተባለ ተመራማሪ የለንደንን ሆስፒታሎች አየ። ከሠራተኛው ከመቶ 41ዱ ነጭ ካልሆኑ ወገኖች ነበሩ፤ በቦርዶች ላይ የተቀመጡት ግን ከመቶ 8 ብቻ። ይህም ከስምንት ዓመት በፊት ከነበረው ያነሰ ነበር። ሥልጠና እየተሰጠ ቁጥሩ ቀነሰ! በሚቀጥለው ዓመት አዲስ መለኪያ ወጣ። በዚህኛው የሚመረመረው ሠራተኛው ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ ነው። ለቃለ መጠይቅ ከቀረቡት ውስጥ የሚያልፈው የማን ልጅ ነው? የዲሲፕሊን ክስ የሚበዛው በማን ላይ ነው? በቦርዱ ላይ ማን አለ? እያንዳንዱ ሆስፒታል ይህን በቁጥር እንዲያሳውቅ ታዘዘ። ችግሩ አልተፈታም፤ የሚታይበት ቦታ ግን ተስተካከለ። እስከዚያ ድረስ "ምን ይጎድለዋል?" ተብሎ ይጠየቅ የነበረው ጥቁሩ ሠራተኛ ነበር፤ አሁን ቤቱም ተጠየቀ።

እኔ የሰው ሀብት ሠራተኛ ሆኜ ይህን ጥያቄ ለራሴ መሥሪያ ቤት አቅርቤ ቢሆን ኖሮ መልሱ በመዝገብ ቤት ውስጥ ነበር። የአንድ ዓመት የውክልና ደብዳቤዎችን አውጥቶ ስም መቁጠር ግማሽ ቀን አይፈጅም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ይህን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁን ታገኙበታላችሁ። ከብዙኃኑ የሆነ ወጣት ኃላፊ ሲሳሳት "ልምድ እያገኘ ነው" እንላለን። ከጥቂቶቹ የሆነው ያንኑ ስሕተት ሲሳሳት "እኔ ብያችሁ ነበር" እንላለን። አንደኛው ስሕተት የአንድ ሰው ሆኖ ያልፋል፤ ሁለተኛው የብሔረሰቡ ሁሉ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሚዛን ባለበት ቤት ሰው ደፍሮ አይወስንም፤ ያልወሰነ ደግሞ አመራር አይማርም። የአዊ ሕዝብ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የአገው ፈረሰኞች ማኅበርን መሥርቶ፣ መሪዎቹን ራሱ እየመረጠ፣ ፈረሰኞቹን በየዓመቱ ጥር ላይ በሥርዓት ያሰልፋል። ከዚህ ሕዝብ የወጣን ሰው "ለመምራት ገና ነው" ብለን ለሆቴል አዳራሽ ሥልጠና ብቻ መላካችን ለእኔ ያሳፍረኛል።

ሥልጠናን አልጠላሁም። ሥልጠና ከሥራ ጋር ሲያያዝ መልካም ነው። ሰው ሠልጥኖ በተመለሰ ማግሥት የሚመራው ቡድን፣ የሚፈርምበት ወረቀት፣ ሲከብደው በሩን አንኳኩቶ የሚጠይቀው አንድ የኔታ ያስፈልገዋል። የኔታ ስል በዓመት ሁለቴ ሻይ የሚጋብዝ አማካሪ ማለቴ አይደለም። ስሕተቱን ፊት ለፊት የሚነግረው፣ በሌለበት ደግሞ የሚመሰክርለት አለቃ ማለቴ ነው። በስብሰባ ቅላጼው ሲሳቅበት "ወንድማችን ይጨርስ" ብሎ ሳቁን የሚያቆም ሰብሳቢ ማለቴ ነው። ያን ቀን እኔ ያላልኩትን ሁለት ቃል።

የደብረ ኤልያስ ኃላፊዎች፣ ከእናንተም በቅርቡ ለመስክ ወይም ለዞን ስብሰባ የሚወጣ ይኖራል። ከመውጣታችሁ በፊት የውክልና ደብዳቤ ታስጽፋላችሁ። መዝገብ ቤት ገብታችሁ ያለፈውን ዓመት ፋይል አስወጡና እስከ ዛሬ ስሙ ያልተጻፈው ሰው ማን እንደሆነ እዩ። ሴት ልትሆን ትችላለች፣ የሸማኔ ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ከሌላ ብሔረሰብ መጥቶ በመካከላችሁ የሚኖር ሊሆን ይችላል። የዚህን ጊዜውን ደብዳቤ በዚያ ሰው ስም አስጽፉት፤ ስትመለሱም የሠራውን አብራችሁ ተቀምጣችሁ እዩለት።